የአውሮፕላን ማይል ለአነስተኛ ገቢ ተጓዥ፦ ሳይበደሩ መሰብሰብ፣ ሳያባክኑ መጠቀም



ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ለእረፍት የመጡ እህቶችንና ወንድሞችን «ማይል ታስመዘግባላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «እሱ የነጋዴና የባለሥልጣን ነገር አይደለም እንዴ?» የሚል ነው። አይደለም። የአየር መንገዶች የማይል መርሃ ግብር አባልነት በነጻ ነው፤ በርካሽ ቲኬት የሚጓዝም ሊመዘገብ ይችላል። ላባችሁን አፍስሳችሁ ወይም አሠሪያችሁ ከፍሎላችሁ በተጓዛችሁበት በረራ ላይ የሚገባችሁ ነገር ካለ፣ ሳትጠይቁት መቅረቱ ኪሳራ ነው።

በሌላ በኩል «ማይል ሰብስቡ፣ በነጻ ብረሩ» የሚለው ማስታወቂያ ለአነስተኛ ገቢ ሰው ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንይዘው አንድ መመሪያ ነው፦ ለማንኛውም ከምትጓዙት ጉዞ የሚገኘውን ማይል አታስቀሩ፤ ለማይል ብላችሁ ግን አንድ ብርም ቢሆን አትጨምሩ፣ አትበደሩም።

ማይል ምንድን ነው?

ማይል አየር መንገዱ ደንበኛው ተመልሶ እንዲመጣ የሚሰጠው ነጥብ ነው። አሠራሩ በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 የአሜሪካው አሜሪካን ኤርላይንስ «አድቫንቴጅ» የተባለውን መርሃ ግብር ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ ተፎካካሪው ዩናይትድም በዚያው ወር የራሱን አወጣ። ዛሬ የየራሳቸው መርሃ ግብር የሌላቸው ትልልቅ አየር መንገዶች ጥቂት ናቸው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መርሃ ግብር «ሼባ ማይልስ» ይባላል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ የ«ስታር አሊያንስ» ኅብረት አባል ነው። ይህ ለተጓዡ ትርጉም አለው፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በርራችሁ ማይሉን በሼባ ማይልስ ወይም ከፈለጋችሁ በኅብረቱ ሌላ አባል መርሃ ግብር፣ ለምሳሌ በተርኪሽ፣ በኢጅብትኤር ወይም በዩናይትድ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። አንድ በረራ ግን የሚመዘገበው በአንድ መርሃ ግብር ብቻ ነው።

የዐረብ አገር ተጓዦች የሚያዘወትሯቸው ሌሎች አየር መንገዶች በዚህ ኅብረት ውስጥ የሉም። የሳዑዲያ አየር መንገድ መርሃ ግብር «አልፉርሳን» ሲሆን ኅብረቱ «ስካይቲም» ነው። ኳታር ኤርዌይስ የ«ዋንወርልድ» አባል ነው፤ ነጥቡም «አቪዮስ» ይባላል። ኤምሬትስ «ስካይዋርድስ»፣ ኢቲሃድ ደግሞ «ኢቲሃድ ጌስት» አላቸው፤ ሁለቱም ከሦስቱ ትልልቅ ኅብረቶች ውጪ ናቸው። በፍላይዱባይ የሚጓዝ ሰው ማይሉን የሚያስመዘግበው በኤምሬትስ ስካይዋርድስ ነው።

ሌላው መለየት ያለበት ነገር፣ በአብዛኛው መርሃ ግብር ሁለት ዓይነት ማይል መኖሩ ነው። አንደኛው ቲኬት የሚገዛበት ሲሆን፣ ሁለተኛው የአባልነት ደረጃን (ሲልቨር፣ ጎልድ ወዘተ) የሚወስን ነው። የጎልድ ደረጃ ተጨማሪ ሻንጣና የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ያስገኛል፤ ነገር ግን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚጓዝ ሰው እሱን ማሳደድ የለበትም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጀመሪያውን፣ ቲኬት የሚገዛበትን ማይል ነው።

ስንት ማይል ይገኛል? ሐቁን እንነጋገር

ብዙዎች ተስፋ የሚያደርጉትና የሚያገኙት የማይገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጅዳ ያለው የአየር ርቀት ወደ 880 ማይል፣ ሪያድ ወደ 1,200፣ ዱባይ ወደ 1,560፣ ቤይሩት ወደ 1,730፣ ዋሽንግተን ደግሞ ወደ 7,200 ማይል ይሆናል። ርቀትን መሠረት በሚያደርግ መርሃ ግብር የሚሰጠው ማይል ግን ሁልጊዜ ከርቀቱ እኩል አይደለም። በቲኬቱ ላይ በአንድ የላቲን ፊደል የሚጻፍ «የቦታ ማስያዣ ክፍል» አለ፤ ርካሹ ክፍል የርቀቱን ሩብ ወይም ግማሽ ብቻ ሊያስገኝ ይችላል፤ ጭራሽ ምንም የማያስገኝም አለ። አንዳንድ መርሃ ግብሮች ደግሞ ርቀቱን ትተው በተከፈለው ገንዘብ ልክ ይሰጣሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጅዳ የምትሠራ እህት በየሁለት ዓመቱ አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች እንበል። ቲኬቷ የርቀቱን ግማሽ የሚያስገኝ ከሆነ በደርሶ መልስ 880 ማይል ታገኛለች። በስድስት ዓመት ሦስት ጊዜ ብትጓዝ 2,640 ይሆናል። ማይሉ በተገኘ በሦስት ዓመት የሚሞት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጉዞ ማይል ሦስተኛው ሳይደርስ ይጠፋል። ይቺ እህት ብቻዋን ሆና በዚህ መንገድ ነጻ ቲኬት ላይ አትደርስም። ይህን የምንናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን፣ መፍትሔው ሌላ ቦታ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ መርሃ ግብር በመምረጥና በቤተሰብ በመሰብሰብ።

በተቃራኒው አሜሪካ የሚኖር አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለበጋ እረፍት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ፣ በግማሽ ስሌት እንኳ ለእያንዳንዱ ሰው 7,200፣ በድምሩ 36,000 ማይል ይመጣል። ይህ ጥቂት አይደለም። ሆኖም ልጆቹን ባለማስመዝገብ ብቻ አብዛኛውን የሚያጣ ቤተሰብ ብዙ ነው።

መርሃ ግብር ስትመርጡ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

አንደኛ፦ ማይሉ መቼ ይሞታል? ሦስት ዓይነት አሠራር አለ። አንዳንዱ ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ ዓመት ይቆጥራል። አንዳንዱ ሒሳቡ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ አይሰርዝም፤ የኳታር አቪዮስ ለ36 ወር ምንም እንቅስቃሴ ካልተደረገ ነው የሚጠፋው። የአሜሪካዎቹ ዴልታና ዩናይትድ ደግሞ ማይላቸው ጊዜ አያልፍበትም፤ ዴልታ እ.ኤ.አ. ከ2011፣ ዩናይትድ ከ2019 ጀምሮ። በሁለት ዓመት አንዴ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ማየት አለበት። የዩናይትድ አባል ለመሆን አሜሪካ መኖር እንደማያስፈልግ፣ ዩናይትድም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የኅብረት አጋር መሆኑን አስታውሱ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን የእናንተ የቲኬት ክፍል በዚያ መርሃ ግብር ስንት እንደሚያስገኝ በድረ ገጹ ላይ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፦ ቤተሰብ ማይሉን አንድ ላይ መሰብሰብ ይችላል? ኤምሬትስ «ማይ ፋሚሊ» በሚለው አሠራሩ እስከ 8 የቤተሰብ አባላት ማይላቸውን እንዲያዋጡ ይፈቅዳል። ዩናይትድም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ እስከ 5 ሰዎች ያለ ክፍያ በጋራ እንዲያከማቹ ፈቅዷል። ለእኛ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንዱ ጥቂት ከሌላው ጥቂት ሲደመር እናትን ለዑምራ ሊያደርስ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ለሌላ ሰው ቲኬት መቁረጥ ይቻላል? በአብዛኛው ይቻላል። አንዳንዶቹ ግን የተጠቃሚዎቹን ስም አስቀድማችሁ እንድታስመዘግቡ ይጠይቃሉ። ቀኑ ከደረሰ በኋላ ከመጨነቅ ዛሬውኑ ማስመዝገብ ይሻላል።

መርጣችሁ ስትጨርሱ በአንዱ ጽኑ። በአምስት መርሃ ግብር የተበተነ ማይል በአምስቱም ከንቱ ነው።

ማይል እንዳይቀር የሚደረጉ ነገሮች

ስም። የእኛ ሰዎች ማይል ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ሳይሆን አይቀርም። «ሙሐመድ» በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ አንዱ በ«ኦ»፣ አንዱ በ«ዩ»፣ አንዱ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው በሁለት። «ፋጡማ»፣ «ዐብዱረሕማን»፣ «ሐሰን» እንደዚሁ። አባልነት ስትመዘገቡ ስማችሁን በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። የአያት ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም ከገባ በአባልነቱም እንደዚያው ይግባ። ፓስፖርት ስታድሱ አጻጻፉ ከተለወጠ ወዲያው አሳውቁ።

ቁጥር። የአባልነት ቁጥሩን ቲኬት ሲቆረጥ ለወኪሉ ስጡ። ከረሳችሁ ሻንጣ ስታስረክቡ በመስኮቱ ላይ ንገሩ፤ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ መውጣቱንም እዩ።

ወረቀት። ከዝግጅት ክፍላችን አንዱ ባልደረባ ከዓመታት በፊት ረጅም ጉዞ አድርጎ ማይሉ አልገባለትም። ጥያቄ ሲያቀርብ የቲኬት ቁጥርና የመሳፈሪያ ወረቀት ተጠየቀ፤ ወረቀቱን ግን ቦሌ እንደወረደ ጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ማይሉ ገብቶ እስክናይ ድረስ ወረቀቱን አንጥልም። ያልገባ ማይል ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ገደብ አለው፤ እንደ መርሃ ግብሩ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ነው። የቲኬት ቁጥሩ 13 አኃዝ ያለው ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት በ071፣ የሳዑዲያው በ065 ይጀምራል።

ልጆች። ሁለት ዓመት የሞላውና የራሱ መቀመጫ የተገዛለት ልጅ በብዙ መርሃ ግብሮች አባል ሆኖ ማይል ያገኛል። በእቅፍ የሚሄድ ሕፃን አያገኝም።

አሠሪ የከፈለው ቲኬት። ይህን በተለይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይወቁት። ቲኬቱን ከፊሉ ወይም ማዳም ቢከፍሉም፣ ማይሉ በመርሃ ግብሮቹ ደንብ የሚመዘገበው በበረረው ሰው ስም ነው። ቁጥሩን ለመስጠት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ለድርጅት ሥራ የሚጓዝ ሰው ግን ድርጅቱ ስለ ማይል የራሱ ደንብ ካለው እሱን ይጠብቅ፤ አማና ነውና።

የቡድን ቲኬት። በዑምራ ወኪሎች በኩል በቡድን የሚቆረጥ ቲኬት፣ እንዲሁም ለሐጅ በልዩ የሚከራዩ በረራዎች ብዙ ጊዜ ማይል አያስገኙም። ወኪሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አያስገኝም ከተባለና ዋጋው ግን ርካሽ ከሆነ በርካሹ ሂዱ፤ ለጥቂት መቶ ማይል ብሎ ውድ ቲኬት መግዛት ስሌት አይደለም።

ካርድ፣ ወለድና ሪባ

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገር ማይል የሚሰበሰብበት ትልቁ በር የባንክ ካርድ ነው። ጥንቃቄውም የሚበረታው እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። አንድ ሰው በክሬዲት ካርድ የ1,000 ዶላር ዕቃ ገዝቶ በእያንዳንዱ ዶላር አንድ ማይል፣ በጠቅላላው 1,000 ማይል አገኘ እንበል። አንዱን ማይል በአንድ ሳንቲም ብንገምተው ያገኘው 10 ዶላር ነው። ዕዳውን ሳይከፍል ካሳደረና ካርዱ በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚያስከፍል ከሆነ፣ በወር 20 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በአንድ ወር መዘግየት ብቻ የማይሉን እጥፍ አጣ። ዓመታዊ የካርድ ክፍያ ሲጨመርበት ኪሳራው ይብሳል።

ለሙስሊም ደግሞ ጉዳዩ ከሒሳብ በላይ ነው። የዕዳ ወለድ ሪባ ነው፤ ለነጻ ቲኬት ተብሎ የሚገባበት በር አይደለም። ከፍሎ ከተሳፈረበት ቲኬት ላይ አየር መንገዱ የሚሰጠውን ማይል በርካታ የዘመናችን ዑለማ እንደ ስጦታ ወይም እንደ ዋጋ ቅናሽ ያዩታል። ዕዳውን ሁልጊዜ በወቅቱ የሚከፍል ሰው የወለድ ውል ያለበትን ክሬዲት ካርድ መያዙን በተመለከተ ግን የአመለካከት ልዩነት አለ። ስለዚህ የምታምኑትን ዓሊም የካርዱን ውል አሳይታችሁ ጠይቁ። ብዥታ ውስጥ መግባት የማይፈልግ ሰው ከራሱ ሒሳብ ላይ የሚቀንሰውን ዴቢት ካርድ መጠቀም ወይም በረራና ግብይት ላይ ብቻ መወሰን ይችላል። ሆቴል ሲይዙ፣ መኪና ሲከራዩ ወይም በአጋር መደብሮች ሲገዙ የአባልነት ቁጥር መስጠት ካርድ ሳይያዝም ማይል ያስገኛል። ሒሳቡ በእንቅስቃሴ ሕያው በሚሆንበት መርሃ ግብር ውስጥ አንዲት ትንሽ ግብይት የቆየውን ማይል ከመሰረዝ ታድነዋለች።

ማይሉን መጠቀም

«ነጻ ቲኬት» የሚባለው ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። ማይሉ የሚሸፍነው የቲኬቱን መሠረታዊ ዋጋ ነው፤ ግብርና የኤርፖርት ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። ብዙ አየር መንገዶች የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያም ያስከፍላሉ፤ ዩናይትድን የመሰሉ ጥቂት መርሃ ግብሮች ይህን አያስከፍሉም።

ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ቀላል ስሌት ሥሩ። የቲኬቱን የገበያ ዋጋ ያዙ፤ በማይል ሲቆረጥ በጥሬ የሚከፈለውን ቀንሱ፤ የቀረውን በሚጠየቀው ማይል አካፍሉ። ለምሳሌ ቲኬቱ በገበያ 60,000 ብር ቢሆን፣ በማይል ሲቆረጥ 20,000 ማይልና 25,000 ብር ቢጠየቅ፣ የተረፈላችሁ 35,000 ብር ነው፤ አንዱ ማይል 1 ብር ከ75 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው። ያው ቲኬት በቅናሽ ወቅት 35,000 ብር ቢሸጥ ግን አንዱ ማይል 50 ሳንቲም ብቻ ያወጣል። ያኔ በብር ገዝቶ ማይሉን ለውድ ወቅት ማቆየት ይሻላል፤ ጊዜው የሚያልፍበት ካልሆነ።

ውድ የሚሆነው በረመዳን መጨረሻ፣ በሁለቱ ኢዶችና በትምህርት ቤት እረፍት ነው። ለማይል የሚለቀቀው መቀመጫ በእነዚህ ጊዜያት ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከበረራው 11 ወር ገደማ አስቀድሞ ሽያጭ ይከፍታሉ። ሆኖም ለዑምራ የምትቆርጡ ከሆነ የቪዛውን ጉዳይ ሳትጨርሱ ቲኬቱን አትጨርሱ፤ ወይም ቀን ለመለወጥና ማይሉን ለማስመለስ የሚጠየቀውን ክፍያ አስቀድማችሁ እወቁ።

ማይላችሁ ለቲኬት ካልበቃስ? በአንዳንድ መርሃ ግብሮች ለትርፍ ሻንጣ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፤ ለቤተሰብ ዕቃ ተሸክሞ ለሚመጣ ሰው ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። የጎደለውን ማይል ከአየር መንገዱ መግዛትም ይቻላል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ውድ ስለሆነ ግን ለቲኬት ጥቂት ብቻ ሲቀራችሁ እንጂ ከባዶ ተነስታችሁ አትግዙ።

ማይል ቁጠባ አይደለም። አየር መንገዱ የሚጠይቀውን የማይል መጠን በፈለገ ጊዜ ሊያሳድገው ይችላል። ወርቅ እንደሚቀመጠው አይቀመጥም፤ ተቀምጦ ያረጃል። ዓላማ ይዛችሁ ሰብስቡ፣ ሲበቃ ተጠቀሙበት።

ከአጭበርባሪ ተጠንቀቁ

በቴሌግራምና በፌስቡክ «በማይል የተቆረጠ፣ በግማሽ ዋጋ» እየተባለ ቲኬት ይሸጣል። መርሃ ግብሮቹ ማይልን በግለሰቦች መካከል መሸጥ ይከለክላሉ፤ የአባልነት ውል ስንገባ የተቀበልነው ደንብ ነው። ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ ማይሉ ከሰው ሒሳብ የተሰረቀ ይሆናል። አየር መንገዱ ሲደርስበት ቲኬቱን ይሰርዛል፤ ሻጩ ስልኩን ይዘጋል፤ ገዢው ሻንጣውን ይዞ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። የዓመት ደመወዛችሁን አጠራቅማችሁ የምትገዙት ቲኬት ከሆነ ከአየር መንገዱ ወይም ከታወቀ ወኪል ግዙ።

የይለፍ ቃላችሁንና በስልክ የሚላክላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ። የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ፤ በላዩ ያለው መረጃ ጉዟችሁን ለማየትና ለመለወጥ፣ የአባልነት ቁጥራችሁንም ለማግኘት ይጠቅማል። አባልነት ስትከፍቱ ራሳችሁ በምትቆጣጠሩት ኢሜይል ይሁን፤ በወኪሉ ወይም በአሠሪ ኢሜይል የተከፈተ ሒሳብ የእናንተ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በአጭሩ

ከሚቀጥለው ጉዟችሁ በፊት አንድ መርሃ ግብር ምረጡ፤ በፓስፖርት ስማችሁ በነጻ ተመዝገቡ፤ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን አስመዝግቡ፤ ቁጥሩን ለወኪሉ ስጡ፤ ማይሉ እስኪገባ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ያዙ፤ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እነዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጡም። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶችና በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች ቁጭ ብሎ መመዝገብ ደግሞ የሩብ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው፤ ከወጣቶቻችን የምንጠብቀው ኸይር ነው።

አላህ ጉዟችሁን ያቅልልላችሁ፤ የናፈቃችሁትን ቤተሰብ በሰላም ያገናኛችሁ። ወላሁ አዕለም።